የከሰል ማዕድን ማውጫ ሲታገድ፦ ቅጣት ነው ወይስ የደኅንነት መሣሪያ?

የገንዘብ ችግር ያጠናበት የድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫ የሥራ ፈቃዱ ሊታገድ እንደሚችል የሚገልጽ ደብዳቤ ሲደርሰው የሚያቀርበው መከራከሪያ በየአገሩ ተመሳሳይ ነው። አሁን ሥራ ብናቆም እንከስራለን፤ ከከሰርን ደግሞ የታዘዝነውን የደኅንነት ማሻሻያ የምናደርግበት ገንዘብ አይኖረንም፤ ሠራተኞቻችንም ሜዳ ላይ ይወድቃሉ፤ ስለዚህ ከሰል እያወጣን ጉድለታችንን እናርም፣ ክርክሩም እልባት እስኪያገኝ ድረስ እገዳው ተፈጻሚ አይሁንብን ይላል። ይህ መከራከሪያ ሲሰሙት ምክንያታዊ ይመስላል። ብዙ ጊዜም ተቀባይነት ያገኛል።

እኛ ግን መከራከሪያው የተገለበጠ ነው እንላለን። ከመሬት በታች በሚሠራ የከሰል ማዕድን ማውጫ ውስጥ የገንዘብ እጥረት እገዳውን ለማዘግየት የሚቀርብ ምክንያት ሊሆን አይገባውም፤ እንዲያውም ቁጥጥሩ ይበልጥ እንዲጠብቅ የሚያስገድድ ማስረጃ ነው። ይህን የምንለው ለባለሀብት ጥላቻ ኖሮን ወይም የሠራተኛውን እንጀራ አቅልለን ተመልክተን አይደለም። መነሻችን የጋዙ ጠባይና በሌሎች አገሮች በደም የተጻፈው መዝገብ ነው።

የጋዙ ጠባይ

የድንጋይ ከሰል ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በረግረግ መሬት ውስጥ የተቀበረ ዕፅዋት ነው። ዕፅዋቱ በላዩ በተከመረው ደለል ክብደትና በከርሠ ምድር ሙቀት እየታመቀ ወደ ከሰል በሚለወጥበት ጊዜ ሚቴን የተባለ ጋዝ ይፈጠራል። ከዚህ ጋዝ ከፊሉ ወደ ላይ ያመልጣል። ቀሪው ግን በከሰሉ ውስጥ በሚገኙት እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ግድግዳ ላይ ተጣብቆ፣ በዐለትና በውኃ ግፊት ታፍኖ ይኖራል። ከሰሉ በተቆረጠ ጊዜ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ጋዙም ይለቀቃል። እንግዲህ ብዙ ከሰል በፍጥነት መቁረጥ ማለት ብዙ ጋዝ በፍጥነት መልቀቅ ማለት ነው።

ሚቴን ቀለምም ሽታም የለውም። ከአየር ስለሚቀል በዋሻው ጣሪያ ሥር መከማቸት ይወዳል። በአየር ውስጥ ያለው መጠን ከ5 እስከ 15 በመቶ በሆነ ጊዜ በአንዲት የእሳት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። ከ15 በመቶ በላይ ሲሆን ለመቃጠል የሚያስፈልገው ኦክሲጅን ስለሚያንሰው አይፈነዳም፤ ነገር ግን አየር እየገባበት ሲሳሳ በፈንጂው ክልል ውስጥ ማለፉ ስለማይቀር ይህም ቢሆን የደኅንነት ምልክት አይደለም።

መከላከያው በመሠረቱ ቀላል ነው፤ ጋዙን በብዙ አየር ማሳሳት። ለአብነት ያህል አንድ ከሰል የሚቆረጥበት ሥፍራ በየሰከንዱ ግማሽ ሜትር ኩብ ሚቴን ይለቃል ብለን እናስብ። የጋዙን መጠን ከ1 በመቶ በታች ለማድረግ በየሰከንዱ 50 ሜትር ኩብ ያህል ንጹሕ አየር ማስገባት ያስፈልጋል። የአየሩ መጠን ወደ 9 ሜትር ኩብ ቢወርድ ሚቴኑ ከ5 በመቶ አልፎ ፈንጂ ይሆናል። በዩናይትድ ስቴትስ ደንብ መሠረት ከሰል በሚቆረጥበት ሥፍራ ሚቴን 1 በመቶ ሲደርስ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ኃይል ይቋረጣል፤ 1.5 በመቶ ሲደርስ ደግሞ ሠራተኞች እንዲወጡ ይደረጋል። በ1 እና በ5 መካከል ያለው ርቀት ለተቆጣጣሪ ምቾት የተተወ ትርፍ ቦታ አይደለም። ጣሪያ ሲደረመስ ወይም ፋን ሲቆም ጋዙ ይህን ርቀት በደቂቃዎች ውስጥ ሊያቋርጠው ስለሚችል የተቀመጠ ነው።

ሁለተኛው ጠላት የከሰል ብናኝ ነው። አነስተኛ የሚቴን ፍንዳታ በዋሻው ወለልና ግድግዳ ላይ የተኛውን ብናኝ ወደ አየር ያነሣዋል፤ የተነሣው ብናኝ ራሱ ይቀጣጠላል፤ እሳቱም ከአንዱ መተላለፊያ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ኪሎ ሜትሮችን ይጓዛል። ይህን ለመከላከል ብናኙ ይጠረጋል፤ የቀረው ደግሞ የማይቃጠል የኖራ ድንጋይ ዱቄት እየተነሰነሰ ይደባለቅበታል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ። የአየር ማናፈሻ ፋን፣ የጋዝ መለኪያ፣ ጋዝን አስቀድሞ የሚያስወጣ ቁፋሮ፣ ሁለተኛ መውጫ፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፤ እነዚህ ሁሉ ከፍተኛ ወጪ ይጠይቃሉ፤ ነገር ግን አንድም ኪሎ ከሰል አያወጡም። ዛሬ ቢዘገዩ ነገ የሚጎድል ምርት የለም። ስለዚህ ዕዳ ያለበት ድርጅት ወጪ ሲቀንስ እጁ በመጀመሪያ የሚያርፈው በእነዚህ ላይ ነው። በዚያው ጊዜ ገቢ ለማግኘት ምርቱን ያፋጥናል፤ ማፋጠኑም የሚለቀቀውን ጋዝ ይጨምራል። መከላከያው እየሳሳ አደጋው የሚያድገው በዚህ መንገድ ነው። የገንዘብ እጥረት ራሱ የአደጋ ምልክት ነው ማለታችንም ከዚህ የተነሣ ነው።

ፓይክ ሪቨር፦ ያልተሰጠው ትእዛዝ

ፓይክ ሪቨር በኒውዚላንድ ደቡባዊ ደሴት ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በፓፓሮዋ ተራሮች ውስጥ የተከፈተ የከሰል ማዕድን ማውጫ ነበር። ወደ ከሰሉ የሚያደርሰው 2.3 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ዋሻ ብቻ ነበር። በአደጋ ጊዜ እንደ ሁለተኛ መውጫ የታሰበው መሰላል የተገጠመለት ቀጥ ያለ የአየር ማናፈሻ ጉድጓድ ነው። ዋናው ፋን፣ በሌሎች የከሰል ማዕድን ማውጫዎች እንደሚደረገው ከመሬት በላይ ሳይሆን ከመሬት በታች ተተክሎ ነበር።

ኩባንያው በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ እንደሚያወጣ ተንብዮ ነበር፤ እስከ አደጋው ድረስ ለገበያ የላከው ግን በጠቅላላው 42 ሺህ ቶን ብቻ ነው። ሥራውን ለማስቀጠል ደጋግሞ መበደር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2010 ከሰልን በኃይለኛ የውኃ ግፊት የሚያፈርስ ዘዴ ሥራ ላይ አዋለ፤ ለምርቱ መፋጠን ለሠራተኞቹ ጉርሻ ተመደበ። ጉዳዩን የመረመረው ንጉሣዊ ኮሚሽን በኋላ እንዳረጋገጠው ከአደጋው በፊት በነበሩት 48 ቀናት ውስጥ ሚቴን ፈንጂ በሚሆንበት መጠን እንደተገኘ የሚገልጹ 21 ሪፖርቶች ነበሩ። ከዚያ ያነሰ ቢሆንም አደገኛ ሊሆን የሚችል መጠን የተመዘገበባቸው ሌሎች 27 ሪፖርቶችም ነበሩ። ሪፖርቶቹ የተጻፉት በማዕድን ማውጫው ሠራተኞች ነው። ወረቀቶቹ ነበሩ፤ ያነበባቸውና ሥራ ይቁም ያለ ግን አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን 2010 ከቀትር በኋላ ማዕድን ማውጫው ፈነዳ። በውስጡ ከነበሩት 31 ሰዎች በሕይወት የወጡት 2 ብቻ ናቸው፤ 29 ሞቱ። በሚቀጥሉት ዘጠኝ ቀናት ሦስት ተጨማሪ ፍንዳታዎች ደረሱ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ላይ ኩባንያው ንብረቱን ለአበዳሪዎች ጥቅም በሚጠብቅ ኃላፊ እጅ ገባ፤ አብዛኞቹ በሕይወት የተረፉ ሠራተኞችም ከሥራ ተሰናበቱ።

ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2012 ያቀረበው ሪፖርት ለዚህ ጽሑፍ ዋና ማስረጃችን ነው። ሪፖርቱ አደጋዎቹ ተገቢውን ጥንቃቄ እስኪያገኙ ድረስ ሥራው መቆም ነበረበት ይላል። የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱም የማዕድን ማውጫው የደኅንነት ሥርዓት እስኪሟላ ድረስ ሥራውን መከልከል ይገባው እንደነበር ደምድሟል። መሥሪያ ቤቱ በዚያ ወቅት ለመላ አገሪቱ የነበሩት የማዕድን ተቆጣጣሪዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። ኩባንያው ሕጉን ያከብራል ብሎ በመተማመን ይሠራ ነበር እንጂ ተቃራኒውን የሚያሳየውን ማስረጃ አልተከታተለም። ከዚህ በኋላ አገሪቱ ራሱን የቻለ የሥራ ላይ ደኅንነት ተቋም አቋቋመች፤ የማዕድን ደንቦቿንም አደሰች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

በፓይክ ሪቨር ፍርድ ቤት የቀረበ ክርክር አልነበረም፤ የሚከራከሩበት የክልከላ ትእዛዝ ስላልተሰጠ። ትእዛዝ ሲሰጥና ድርጅቱ ሲከራከር የሚሆነውን ለማየት ደግሞ ወደ ሌላ አገር መሻገር ይኖርብናል።

ክርክሩ ሲራዘም

የዩናይትድ ስቴትስ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው የማዕድን ደኅንነት ሕግ ውስጥ ተደጋጋሚ ጥፋት በሚፈጽሙ ማዕድን ማውጫዎች ላይ የሚሠራ ብርቱ ድንጋጌ አስገብቶ ነበር። በዚህ ድንጋጌ ሥር የወደቀ ድርጅት ከባድ ጥፋት በተገኘበት ቁጥር ጉድለቱ እስኪታረም ድረስ ሠራተኞች ከአካባቢው እንዲወጡ ይታዘዛል። ለሕጉ ምክንያት ከሆኑት አደጋዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1976 በኬንታኪ ግዛት በስኮሺያ ማዕድን ማውጫ በሁለት ቀናት ልዩነት በደረሱ ሁለት ፍንዳታዎች 26 ሰዎች ያለቁበት ነው። ይሁን እንጂ ድንጋጌው በማንም ላይ በተሟላ ሁኔታ ሳይፈጸም ከ30 ዓመታት በላይ ቆየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ለምን? መልሱ ከአሠራሩ ውስጥ ይገኛል። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ድርጅቱን ተደጋጋሚ አጥፊ ለማለት የሚቆጥራቸው የመጨረሻ ውሳኔ ያገኙ ጥፋቶችን ብቻ ነበር። አንድ ድርጅት በእያንዳንዱ ክስ ላይ ከተከራከረ ግን ክሱ ለዓመታት አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ላይ በጉዳዩ ላይ በሚወስነው ኮሚሽን ፊት ውሳኔ የሚጠባበቁ መዝገቦች ከ16 ሺህ በላይ ደርሰው ነበር። መከራከር መብት መሆኑ ቀርቶ መሸሸጊያ ሆኖ ነበር።

በዌስት ቨርጂኒያ የሚገኘው አፐር ቢግ ብራንች የዚህ አሠራር ውጤት ታይቶበታል። ይህ ማዕድን ማውጫ እንደ ፓይክ ሪቨር ገንዘብ ያጠረው አልነበረም፤ የአንድ ትልቅ ኩባንያ ንብረት ነበር። በ2009 ብቻ ከ500 በላይ የጥፋት ማስታወቂያዎችና ትእዛዞች ደርሰውታል። በብዙዎቹ ላይ ተከራክሯል። በመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ፕሮግራም ስሕተትም ተጨምሮበት ከተደጋጋሚ አጥፊዎች ማስጠንቀቂያ ውጪ ሆነ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 2010 የመቁረጫው ማሽን ያረጁ ጥርሶች የፈጠሩት ብልጭታ ሚቴኑን አቀጣጠለ፤ እሳቱን በእንጭጩ ማጥፋት የሚገባቸው ውኃ መርጪያዎች አልሠሩም፤ ብናኙም በኖራ ድንጋይ ዱቄት በሚገባ አልተሸፈነም ነበርና ፍንዳታው በዋሻዎቹ ውስጥ ተስፋፋ። 29 ሰዎች ሞቱ። መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አዲስ ደንብ የመጨረሻ ውሳኔ የመጠበቁን ግዴታ አስቀረ።

ሦስተኛው ምሳሌ የሰው ሕይወት የጠፋበት ባይሆንም የመከራከሪያውን ሌላ ገጽ ያሳያል። በዌልስ በመርተር ቲድፊል አቅራቢያ የነበረው የፎስ-ኢ-ፍራን ገላጣ የከሰል ማውጫ ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2022 አበቃ። ድርጅቱ መሬቱን ወደ ነበረበት ለመመለስ የተያዘው ገንዘብ በቂ ስላልሆነ ጊዜ ይጨመርልኝ ብሎ ጠየቀ። የአካባቢው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2023 ጥያቄውን ውድቅ አድርጎ ቀጥሎ የማስቆሚያ ማስታወቂያ ሲሰጥ ድርጅቱ ይግባኝ አለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቁፋሮው አልቆመም፤ ያበቃው እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2023 መጨረሻ ነው። ለመሬቱ መልሶ ማቋቋሚያ ተይዞ የነበረው 15 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን፣ የሚያስፈልገው ግን ከ50 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ተገምቶ ነበር። ስንቆፍር እንከፍላለን የተባለው አልተከፈለም፤ ጉድጓዱም ውኃ መሙላት ጀመረ።

የሠራተኛው እንጀራ

ለእገዳ የሚቀርበው ብርቱ ተቃውሞ ከባለ አክሲዮኑ ሳይሆን ከሠራተኛው ቤት የሚነሣው ነው። ማዕድን ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሥራ በሌለበት ገጠር ይከፈታል። እገዳው የአንድ ወር ደመወዝ ሲያስቀር የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤትና የሱቁ ዱቤ ሁሉ አብረው ይናጋሉ። ስለዚህም አደጋውን ከማንም ይበልጥ የሚያውቀው ሠራተኛ ራሱ እገዳውን ተቃውሞ ሊሰለፍ ይችላል። ይህን አይቶ ሠራተኛው አላዋቂ ነው ማለት ነውር ነው። ከጋዝና ከረኃብ መካከል እንዲመርጥ ተገድዷልና።

መፍትሔው ግን ምርጫውን ከትከሻው ላይ ማንሣት ነው። በዚያው በ1977ቱ የአሜሪካ ሕግ ውስጥ የደኅንነት ደንብ ባለመከበሩ ማዕድን ማውጫው እንዲዘጋ ከታዘዘ በዚያ ምክንያት ሥራ የፈቱ ሠራተኞች እስከ አንድ ሳምንት የሚደርስ ሙሉ ደመወዝ ከአሠሪው እንዲያገኙ ተደንግጓል። አንድ ሳምንት ጥቂት ነው፤ መርሑ ግን ትክክል ነው። የእገዳው ዋጋ የሚወድቀው ጉድለቱን በፈጠረው ወገን ላይ እንጂ ጉድለቱ ሊገድለው በነበረው ላይ መሆን የለበትም።

ሌላም ተገቢ ስጋት አለ። ተቆጣጣሪም ሰው ነው፤ የማገድ ሥልጣን የጉቦ ወይም የቂም መሣሪያ ሊሆን ይችላል። የማዕድን ማውጫው የመከራከር መብት በዚህ ምክንያት መከበር ይኖርበታል። ነገር ግን ከዘፈቀደ ውሳኔ የሚጠብቀው በቁጥር የተቀመጠ መመዘኛ እንጂ የተራዘመ ክርክር አይደለም። ሚቴኑ ስንት በመቶ ነበር፣ ፋኑ ስንት ሜትር ኩብ ይነፍሳል፣ መለኪያው መቼ ተፈተሸ የሚሉት ጥያቄዎች ማንም ቢጠይቃቸው አንድ ዓይነት መልስ አላቸው።

ምን ዓይነት ሥርዓት?

ከላይ ከተመለከትነው በመነሣት ለማንኛውም የከሰል ማዕድን ማውጫ ፈቃድ እገዳ አራት ነጥቦችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በመለኪያ የተረጋገጠ አደጋ ሲኖር እገዳው በይግባኝ ምክንያት መነሣት የለበትም። የአሜሪካው ሕግ አደጋው ቅርብ ነው ተብሎ በተሰጠ የማስወጣት ትእዛዝ ላይ ኮሚሽኑም ሆነ ፍርድ ቤት ጊዜያዊ ማገጃ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ይህ ለሌሎች አገሮችም አርአያ ሊሆን ይገባል። ያለ አግባብ የታገደ ድርጅት የሚያጣው ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ሊካስ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ክርክሩ ፈጣን መሆን አለበት። ሥራው የቆመበት ድርጅት ለዓመታት ውሳኔ እንዲጠብቅ ማድረግ ፍትሕ አይደለም። የማዕድን መሐንዲሶችና የጋዝ ባለሙያዎች ያሉበት ጉባኤ በቀናት ውስጥ ቦታው ድረስ ወርዶ፣ በራሱ መሣሪያ ለክቶ ይወስን።

ሦስተኛ፣ እገዳው ከሰል መቁረጥን ያቁም እንጂ ማዕድን ማውጫውን አይተወው። ፋን ከቆመ ጋዝ ይከማቻል፤ ፓምፕ ከቆመ ውኃ ይሞላል። የአየር ማናፈሻው፣ የውኃ ማውጫውና የጥገናው ሥራ በእገዳው ወቅትም መቀጠል አለበት። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ደግሞ ፈቃዱ ሲሰጥ አስቀድሞ በዝግ ሒሳብ ይቀመጥ። ከቁፋሮው በሚገኝ ገቢ ጉድለታችንን እናርማለን የሚለው መከራከሪያ ከሥሩ የሚነቀለው በዚህ ነው።

አራተኛ፣ የጋዝ መለኪያዎች ንባብ ሳይታረምና ሳይዘገይ ለተቆጣጣሪውና ለሠራተኞች ተወካዮች ይድረስ። በፓይክ ሪቨር የጠፋው መረጃ አልነበረም። መረጃው ከባለ ዕዳው ድርጅት ውጪ የሚያነበው ሰው አልነበረም።

ወደ አገራችን ስንመለስ

የአገራችን የከሰል ክምችቶች፣ ለምሳሌ የያዩ፣ የዴልቢና ሞዬ፣ የጭልጋ፣ በባዛልት የላቫ ንጣፎች መካከል በተቀመጠ ደለል ውስጥ የሚገኙ በዕድሜያቸው ለጋ የሆኑ ከሰሎች ናቸው። ከፓይክ ሪቨሩ ከሰል ጋር በደረጃ አይነጻጸሩም። ለገጽ ቅርብ የሆነው ክፍል በገላጣ ቁፋሮ ስለሚወጣም የሚቴኑ ስጋት ያን ያህል አይጎላም። ይሁን እንጂ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ከሰል ለአየር ሲጋለጥ በራሱ ጊዜ የመሞቅና የመቀጣጠል ጠባይ አለው። በከባድ ዝናብ የራሰ የቁፋሮ ገደል ይናዳል። ብናኙም የሠራተኛውን ሳንባ ይጎዳል። ቁፋሮው ወደ ጥልቁ በወረደ መጠን ደግሞ የጋዙ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ከሰል ይፈልጋሉ፤ ከሰሉ ከአገር ውስጥ እንዲገኝ መፈለጉም ተገቢ ነው። ይህ ፍላጎት በበረታ ቁጥር ግን አቅሙ የደከመ ድርጅት ሥራ አይቁምብኝ ሲል ሰሚ ጆሮ ማግኘቱ ቀላል ይሆናል።

የሳይንስ ፋኩልቲዎች ድርሻም እዚህ ላይ ነው። ጋዝ የሚለኩ፣ የገደል መረጋጋት የሚያሰሉ፣ የከሰል ሙቀት የሚከታተሉ ባለሙያዎችን ማፍራትና ከማንም ገንዘብ ነጻ የሆነ ላቦራቶሪ ማዘጋጀት የእኛ ሥራ ነው። ተቆጣጣሪው በእጁ ቁጥር ከሌለው የድርጅቱን ልመና ከመስማት ሌላ ምርጫ አይኖረውም።

አበው ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። እገዳ ማለት ያ ቅጠል ነው። ይግባኝ ባይ ድርጅት ጊዜ እንዲሰጠው ዳኛን ሊጠይቅ ይችላል፤ ከከሰሉ ውስጥ እየወጣ ያለውን ጋዝ ግን ጊዜ ስጠኝ ብሎ ሊጠይቀው አይችልም።